ምትኬ ወይስ ማመሳሰል? ፋይላችንን ለማን አደራ እንስጥ

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ፋይል አያያዝ ነው። «ይኼ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጉዳይ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የመምህርም ጉዳይ ነው። የአንድ ሠልጣኝ የሥልጠና ዘመን ድካም፣ ማለትም ዕለታዊ የትምህርት ዕቅዱ፣ የተግባራዊ ምርምር ጽሑፉ፣ የማስተማር ልምምድ ሪፖርቱ፣ ያወጣቸው የፈተና ጥያቄዎች፣ የእናትና የአባቱ ፎቶግራፍ ሳይቀር ዛሬ ተጠቅልሎ የሚገኘው በአንድ ስልክና በአንድ ፍላሽ ውስጥ ነው።

ነገ ተመድበን ወደ ጃናሞራ፣ ወደ በየዳ ወይም ወደ አዲ አርቃይ ስንወርድ ደግሞ የተማሪዎች ውጤት ይጨመርበታል። የተማሪ ውጤት የመምህሩ የግል ንብረት አይደለም። የልጁ ነው፤ የወላጁም ነው። ዓመቱን ሙሉ ተራራ እየወጣ እየወረደ የተማረ ልጅ ፊት ቆሞ «ውጤትህ ከስልኬ ጋር ጠፋ» ማለት አይቻልም። አበው «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ብለዋል።

ታዲያ ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ፋይሌ ኢንተርኔት ላይ ስላለ አይጠፋም» የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው። ኢንተርኔት ላይ ፋይል የሚቀመጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ላይ ላዩን ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ፤ በችግር ቀን ግን አንዱ ያድናል፣ ሌላው ያጠፋል። የዛሬው ትምህርት ዓላማ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማሳየትና በእኛ አካባቢ ሁኔታ የትኛውን ለምን እንደምንመርጥ ማስረዳት ነው።

1. የሁለቱ ቃላት ትርጉም

ማመሳሰል፣ በኮምፒዩተር ቤት «ሲንክ» የሚባለው፣ አንድን ፎልደር በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ቦታዎች ምንጊዜም አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ ነው። በላፕቶፕህ ላይ አንድ ቃል ብትጨምር በስልክህም በኢንተርኔቱም ላይ ይጨመራል። ብትሰርዝ በሁሉም ይሰረዛል። ዓላማው የትም ሆነህ የዛሬውን ፋይል እንድታገኝ ነው።

ምትኬ፣ ማለትም «ባክአፕ» የሚባለው፣ በአንድ በታወቀ ቀን የተወሰደና ለብቻው የተቀመጠ ግልባጭ ነው። ዋናው ፋይል ከዚያ በኋላ ቢለወጥም፣ ቢበላሽም፣ ቢሰረዝም ግልባጩ በተወሰደበት ቀን እንደነበረ ይቆያል። ዓላማው ችግር ሲመጣ የትናንቱን መመለስ ነው።

ለመያዝ እንዲመች በአጭሩ፦ ማመሳሰል ዛሬን በየቦታው ያደርሳል፤ ምትኬ ትናንትን ይመልሳል።

2. የማመሳሰል ጥቅምና አደጋ

ጨነቅ ድረስ የወጣ ሰው ይህ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ቆመህ ብትጣራ የገደል ማሚቶ ያልከውን ይመልስልሃል። ደግ ብትናገር ደጉን፣ ብትሳሳት ስሕተቱን። «ቆይ፣ ይኼ ልጅ ተሳስቷል፣ ላርመው» አይልም። ማመሳሰልም እንደዚሁ ነው። ፋይሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይመረምርም፤ ያደረግኸውን ብቻ ይደግማል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሠልጣኝ የምርምር ጽሑፏን በላፕቶፕ ትጽፋለች እንበል። ፎልደሩ ከጉግል ድራይቭ ጋር የተመሳሰለ ነው፤ በስልኳም ይታያል። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ፊልም ለመጫን ቦታ ሲያጣ ይህን ፎልደር ሰረዘው። ላፕቶፑ ኢንተርኔት እንዳገኘ ስረዛውን ለጉግል ነገረ፤ ጉግልም ለስልኩ አስተላለፈ። እንግዲህ ሦስት ቦታ የነበረው ጽሑፍ ከሦስቱም ቦታ ወጣ። ቦታው ሦስት ቢመስልም ፋይሉ አንድ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ቫይረስም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በየኮምፒዩተር ቤቱ እየተሰካ የሚዞር ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ ቫይረስ ፎልደሩን ይደብቅና በቦታው የውሸት አቋራጭ ይተካል። የባሰው ደግሞ ፋይሉን ቆልፎ «ገንዘብ ክፈል» ይላል። የተቆለፈው ፋይል በተመሳሰለ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ቁልፉ ወደ ኢንተርኔቱም ይሻገራል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳናዛባ መናገር አለብን። የማመሳሰል አገልግሎቶች ቅርጫት አላቸው። በጉግል ድራይቭ የተሰረዘ ፋይል በቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። በግል የዋን ድራይቭ ሒሳብም፣ በነፃው ድሮፕ ቦክስም እንዲሁ 30 ቀን ነው። ፋይሉ ከተበላሸም የቀድሞ ቅጂዎቹን ለተወሰነ ጊዜ ማየት ይቻላል። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለችው ልጅ ቶሎ ካወቀች ትድናለች። ችግሩ «ቶሎ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሰኔ 30 ትምህርት ሲዘጋ የተሰረዘ ፎልደር መስከረም 1 ቀን ቢፈለግ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን አልፈው ከ60 ቀን በላይ ሆኖታል። የመምህር የእረፍት ጊዜ ከቅርጫቱ ዕድሜ ይረዝማል።

የጉግል ፎቶስ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ስልኩ ላይ «ምትኬ ተቀምጧል» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ሰውየውም «እንግዲያው ከስልኬ ላይ ላጥፋው» ብሎ እዚያው ጉግል ፎቶስ ውስጥ ይሰርዘዋል። ይሁንና በዚያ መተግበሪያ ውስጥ የተሰረዘ ፎቶ ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ነው የሚጠፋው፤ በቅርጫት የሚቆየውም 60 ቀን ብቻ ነው። ከስልክ ላይ ብቻ ለማንሣት «ቦታ አስለቅቅ» የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ያስፈልጋል። ስሙ ምትኬ ቢባልም ጠባዩ በከፊል የማመሳሰል ነው። ስለዚህ ስም አይታመንም፤ «ከዚህ ስሰርዝ ከዚያም ይሰረዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

3. እውነተኛ ምትኬ ምን ይመስላል?

ለዚህ ከራሳችን አገር ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ትብብር ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት እስከተለዩ ድረስ ከታወቁባቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ እነዚህን ፊልሞች መርምሮ ዝርዝራቸውን ማዘጋጀት ነበር።

ከዚህ ሥራ የእውነተኛ ምትኬን ሦስት ምልክቶች መማር እንችላለን።

ሀ. ግልባጩ ከዋናው ጋር አብሮ አይለወጥም። ፊልሙ ከተነሣ በኋላ ብራናው በዝናብ ቢርስ፣ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ፊልሙ ላይ ያለው ገጽ አይርስም፣ አይቃጠልም።

ለ. ቀኑ የታወቀ ነው። ይህ ቅጂ መቼ እንደተወሰደ ይታወቃል፤ ስለዚህ ምን እንደያዘና ምን እንዳልያዘ መናገር ይቻላል።

ሐ. ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሁለቱም ቅጂዎች በአንድ ቤት ቢሆኑ አንድ እሳት ሁለቱንም ይበላቸዋል።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ለእኛ ለሰሜን ሰዎች አዲስ አይደለም። ዋልያ በዱር የሚኖረው በእኛው ተራሮች ብቻ ነው። ጥበቃው ይህን ያህል የሚያሳስበው ለዚህ ነው። እዚህ ከጠፋ «ከሌላ አገር እናምጣ» አይባልም። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው፤ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚባለውም ለዚህ ነው።

4. ከዓለም የምናገኛቸው ሁለት ትምህርቶች

የመጀመሪያው፦ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. (27 ጁን 2017 እ.ኤ.አ.) ማርስክ በተባለው የዴንማርክ ታላቅ የመርከብ ኩባንያ ላይ ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ቫይረስ ደረሰ። ኩባንያው የሠራተኞቹን ስምና ፈቃድ የሚቆጣጠሩ 150 ያህል ዋና ኮምፒዩተሮች በልዩ ልዩ አገሮች ነበሩት። እነዚህ እርስ በርሳቸው የተመሳሰሉ ስለነበሩ «አንዱ ቢበላሽ ከሌላው እንገለብጣለን» ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ጠፉም። ከጥፋቱ የተረፈው አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ጋና ውስጥ ነበር። የተረፈበት ምክንያት ደግሞ ያስደንቃል፤ በዚያች ሰዓት ጋና ውስጥ መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ከመስመር ውጪ ስለነበር ነው!

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የጋናው የኢንተርኔት መስመር ቀጭን ስለነበረ ያን ሁሉ መረጃ ወደ እንግሊዝ መላክ ብዙ ቀን ሊፈጅ ሆነ። የጋናው ሠራተኛም የእንግሊዝ ቪዛ አልነበረውም። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን በእጁ ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረና ለሌላ የኩባንያው ሠራተኛ አስረከበ፤ ያ ደግሞ ወደ ለንደን ወሰደው። የዓለምን ባሕር የሚያቋርጥ ኩባንያ የዳነው መብራት በጠፋበት ኮምፒዩተርና በእጅ በተያዘ ሃርድ ዲስክ ነው። መብራት ሲጠፋ ለምንማረር ለእኛ ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። የማይገናኝ ነገር ጥፋትም አይደርሰውም።

ሁለተኛው፦ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በእኛ የደመራ ዕለት፣ በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከሊቲየም ባትሪ የተነሣ እሳት ተቀጣጠለ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ የተባለ አገልግሎት ነበር። 858 ቴራ ባይት መረጃ ይዞ ነበር። መጠኑ በጣም ትልቅ ነው ተብሎ በውጭ ምትኬ አልተያዘለትም ነበርና ከእሳቱ ጋር ጠፋ።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። «ክላውድ» ወይም «ደመና» ሲባል ፋይሉ ሰማይ ላይ ያለ አይምሰለን። ደመናው ምድር ላይ የተሠራ ቤት ነው። በር አለው፣ ባትሪ አለው፣ ይቃጠላልም። በሠለጠነችው ኮሪያ ይህ ከደረሰ «ኢንተርኔት ላይ ስላለ አይጠፋም» ማለት መዘናጋት ነው።

5. ወደ አካባቢያችን ስንመለስ

የውጭ አገር መጻሕፍት ይህን ትምህርት ሲያስተምሩ ኢንተርኔት እንደ ውኃ ቧንቧ ሁልጊዜ ይፈሳል ብለው ነው የሚነሡት። እኛ እንደዚያ ብለን ልንነሣ አንችልም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ የምናስታውሰው ነው። በዚያን ጊዜ ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ፋይሉ ሳይጠፋ ፋይል አልባ ሆኖ ከርሟል።

በዚህ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ። አንዳንድ የማመሳሰል አገልግሎቶች የላፕቶፕን ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ የፋይሉን ስም ብቻ ያሳዩና ፋይሉን ራሱን ኢንተርኔት ላይ ያቆዩታል። ዋን ድራይቭ ይህን ያደርጋል፤ ጉግል ድራይቭም በኮምፒዩተር ላይ እንዲህ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ስሙን እያየህ «አለኝ» ትላለህ። ዳባት ላይ ኔትወርክ ሳለ ይከፈታል፤ ገጠር ትምህርት ቤትህ ደርሰህ ስትነካው ግን አይከፈትም። ስለዚህ ወደ ገጠር ከመውጣታችን በፊት የምንፈልጋቸውን ፎልደሮች «ሁልጊዜ በዚህ መሣሪያ ላይ ይቆይ» የሚል ትእዛዝ መስጠት አለብን።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የአፕሎድ ፍጥነታችን በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት ነው እንበል። 1 ጊጋ ባይት 8,000 ሜጋ ቢት ነው።

ሀ. 200 የትምህርት ዕቅዶች፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ባይት ቢሆኑ በድምሩ 20 ሜጋ ባይት፣ ማለትም 160 ሜጋ ቢት ነው። በ160 ሴኮንድ፣ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይሄዳል።

ለ. 1,000 ፎቶዎች፣ እያንዳንዳቸው 3 ሜጋ ባይት ቢሆኑ 3 ጊጋ ባይት፣ ማለትም 24,000 ሜጋ ቢት ነው። 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል።

ሐ. ጉግል በነፃ የሚሰጠውን 15 ጊጋ ባይት በሙሉ ለመሙላት 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ያውም መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ።

መ. 64 ጊጋ ባይት የሞላበት ፍላሽ በኪስህ ይዘህ ከደባርቅ ጎንደር በ3 ሰዓት ብትደርስስ? 512,000 ሜጋ ቢት በ10,800 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 47 ሜጋ ቢት ያህል ይሆናል። አውቶቡሱ ከኢንተርኔቱ 47 ጊዜ ፈጠነ ማለት ነው።

ከዚህ ሒሳብ የምናገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ጽሑፍ ቀላል ስለሆነ ኢንተርኔት ይሸከመዋል። ፎቶና ቪዲዮ ከባድ ስለሆነ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ቢያዝ ይሻላል።

6. እንግዲህ የትኛውን እንምረጥ?

ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ይበልጣል?» የሚል አይደለም። «የምፈራው ጥፋት የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ሀ. ስልኬ ወይም ላፕቶፔ ይሰበራል፣ ይሰረቃል ብዬ ከፈራሁ፣ ማመሳሰልም ምትኬም ያድነኛል።

ለ. በስሕተት እሰርዛለሁ ወይም ጽሑፉን አበላሻለሁ ብዬ ከፈራሁ፣ ማመሳሰል የሚያድነኝ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ምትኬ ያስፈልገኛል።

ሐ. ቫይረስ ከፈራሁ፣ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ የተቀመጠ ምትኬ ያስፈልገኛል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ፍላሽ ቫይረሱ አብሮ ይበላዋል።

መ. የኔትወርክ መቋረጥን ከፈራሁ፣ በእጄ ያለ ቅጂ ያስፈልገኛል።

ሠ. የቤት ቃጠሎና ሌባ ከፈራሁ፣ ሌላ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ ያለ ቅጂ ያስፈልገኛል።

ረ. አንድን ጽሑፍ በስልክም በላፕቶፕም እየተፈራረቅሁ የምጽፍ ከሆነ ወይም ከጓደኞቼ ጋር በቡድን የምሠራ ከሆነ፣ ለዚህ ማመሳሰል እጅግ ጠቃሚ ነው። ፍላሽ ይዞ ከመመላለስና «የመጨረሻው ቅጂ የትኛው ነው?» እያሉ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ስለዚህ ማመሳሰል የሥራ መሣሪያ ነው፤ ምትኬ የጥበቃ መሣሪያ ነው። ማረሻና አጥር እንደማለት ነው። ማረሻ ስላለኝ አጥር አያስፈልገኝም የሚል ገበሬ የለም።

ለምትኬ ብቻ ተብለው የተሠሩ እንደ ባክብሌዝ ያሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶች አሉ። ይሁን እንጂ ክፍያቸው በዓለም አቀፍ ካርድ፣ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለሠልጣኝ አይቀመስም። ደግነቱ ነፃውን አገልግሎት እንደ ምትኬ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። መንገዱም ፎልደሩን ጠቅልሎ ዚፕ ማድረግ፣ በስሙ ላይ ቀን መጻፍ፣ ከዚያም ከላፕቶፑ ጋር ሳያመሳስሉ በድረ ገጹ በኩል አፕሎድ ማድረግ ነው። ይህ ጥቅል ከላፕቶፑ ጋር ምንም ገመድ ስለሌለው ላፕቶፑ ላይ ቢሰረዝም አይነካም።

7. በሳምንት ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ሥራ

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው «3-2-1» የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን። እኛ በአቅማችን እንዲህ ልንፈጽመው እንችላለን።

አንደኛ፣ ዋናው ፋይል በላፕቶፕ ወይም በስልክ ላይ ይሁን። በዘፈቀደ ከመበተን «የትምህርት ዕቅድ»፣ «ምርምር»፣ «ውጤት»፣ «ቤተሰብ» ብሎ በፎልደር መለየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ፍላሾች ይኑሩ። አንዱ ላይ «ሀ»፣ ሌላው ላይ «ለ» ብሎ መጻፍ ነው። በዚህ ሳምንት ቅዳሜ «ሀ» ላይ፣ በሚመጣው ቅዳሜ «ለ» ላይ ይገለበጣል። በቫይረስ ምክንያት የዚህ ሳምንቱ ቢበላሽ ያለፈው ሳምንት ቅጂ ይተርፋል። ፍላሾቹ ለዚህ ብቻ ይሁኑ፤ ለፊልምና ለዘፈን አይዋሱ። አንዱ ከምንተኛበት ክፍል ውጪ፣ በዘመድ ቤት ቢቀመጥ ይመረጣል። ገልብጠን እንደጨረስን እንንቀላቸው። ፍላሽ ዘላለማዊ ዕቃ አለመሆኑንም አንርሳ።

ሦስተኛ፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን የጽሑፍ ፋይሎችን ጥቅል ቀን ጽፎ አፕሎድ ማድረግ። «ዕቅድ 2018-02-15» የሚል ስም ይበቃል። የዱሮውን ወዲያው አንሰርዝ፤ ቢያንስ ሦስት ጥቅል ይቆይ። የጉግሉ 15 ጊጋ ባይት ግን ለድራይቭ፣ ለፎቶስና ለጂሜል የጋራ ስለሆነ በፎቶ ከሞላ ኢሜይልም መግባት ያቆማል። የዋን ድራይቭ ነፃ ቦታ 5፣ የድሮፕ ቦክስ 2 ጊጋ ባይት ነው።

አራተኛ፣ የተማሪ ውጤት በወረቀት ይኑር። ይህን ስንል የሚስቅ አይጠፋም። ነገር ግን ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት በርእሰ መምህሩ ቢሮ የተቀመጠ የውጤት ማጠቃለያ መብራት አይፈልግም፣ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ቫይረስ አይነካውም። ወረቀት ጥንታዊ ምትኬ ነው።

አምስተኛ፣ በየወሩ አንድ ፋይል ከምትኬው ላይ አውጥቶ መክፈት። ያልተሞከረ ምትኬ እንደ ምትኬ አይቆጠርም። ፍላሹ አለመከፈቱን በችግሩ ቀን ከማወቅ በሰላሙ ቀን ማወቅ ይሻላል።

8. ስለ ቴሌግራምና ስለ ቁልፎቻችን

ብዙዎቻችን ፋይላችንን ቴሌግራም ላይ ለራሳችን እየላክን እናስቀምጣለን። ፈጣንና ቀላል ነው፤ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ሒሳቡ የታሰረው በስልክ ቁጥር ነው። ሲም ካርዱ ከጠፋና ቁጥሩን ማስመለስ ካልተቻለ በሩም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ሒሳቡም ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት ከቆየ ይሰረዛል። ስለዚህ ቴሌግራም ተጨማሪ ቦታ ይሁን እንጂ ብቸኛ ቦታ አይሁን።

የጉግል ሒሳብም ቢሆን ሁለት ዓመት ሳይከፈት ከቆየ ከነፋይሉ ሊሰረዝ ይችላል። ወደ ገጠር ሄዶ የዱሮውን ሒሳብ የረሳ መምህር ይህን ያስታውስ። የይለፍ ቃላችንን በወረቀት ጽፈን ከመታወቂያችንና ከትምህርት ማስረጃችን ጋር ብናስቀምጠው ነውር አይደለም። በኮምፒዩተር ቤት ከተጠቀምን በኋላ ሒሳባችንን ሳንዘጋ አንነሣ። የተማሪዎች ውጤት ያለበትን ፋይል ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ክፍት አናድርግ። የፈተና ጥያቄማ አይነገርም!

ውድ አንባቢያን፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ይህን ሥራ ለነገ አንበለው። የዚህ ሳምንት ቅዳሜ ይበቃል። አንድ ፍላሽና ግማሽ ሰዓት ያለው ሰው ሊጀምረው ይችላል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በስልካችሁ ካሉት ፋይሎች ውስጥ ቢጠፋ በገንዘብ የማይተካው የትኛው ነው? አሁን ስንት ቅጂ አለው?

2. የማርስክ 150 ኮምፒዩተሮች ብዙ ሆነው ሳለ ለምን እንደ አንድ ተቆጠሩ? በገዛ ቃላችሁ አስረዱ።

3. አንድ መምህር በየዳ ውስጥ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ትምህርት ቤት ተመድቦ 180 ተማሪዎችን ያስተምራል። ስልክ፣ አንድ ፍላሽና ወረቀት አለው። በወር አንድ ጊዜ ደባርቅ ይወጣል። የተማሪዎቹ ውጤት እንዳይጠፋ ምን እንዲያደርግ ትመክሩታላችሁ?

መልሳችሁን በክፍል በክፍል ተወያዩበት። የተሻለ ዘዴ ያገኘ ቡድን ጽፎ ያምጣ፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍለታል።